ያልተነሳው ክፍል

አንዲት እናት ነበረች። ልጇን በቀበረች በአምስተኛው ሳምንት የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት በነጠላ ጠቅልላ ልትመልስ ሄደች። ሌላ ጉዳይ አልነበራትም።

ትምህርት ቤቱን ብታዩት ሳታስተውሉት ታልፋላችሁ። በትልቁ ከተማ መሀል፣ በጎማ ጠጋኝና በፎቅ መካከል የተሸጎጠ ነው። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው ትንሽ ሁለተኛ ደረጃ። የሚያየውም የማያየውም፣ የሚሰማውም የማይሰማውም በአንድ ክፍል ይማራል። የሴትየዋ ልጅ ሶስና በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የምትማረው።

መምህር ሲገባ የክፍል አለቃዋ «ተነሱ» ትላለች፤ ሁሉም ብድግ ይላል። ይህን ሁላችሁም አልፋችሁበታል። ሶስና የገባች ቀንም እንዲሁ ሆነ። ክፍሉ ቆመ፤ እሷ ከጀርባ ክምር ኋላ ቀረች።

«አይዟችሁ» አለች ከዚያው ሆና፣ «እኔ ቀድሜያችሁ ተቀምጫለሁ፤ ትደርሱብኛላችሁ።»

ተሳቀ። በማግስቱ ግን አንድም ሰው አልተነሳም። ተቀምጠው፣ እጃቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡ። ከጋምቤላ የመጡት መምህር ኦጁሉም እጃቸውን አንስተው መለሱ። በዚያው ልማድ ሆነ፤ ሶስናም ለእናቷ ነግራት ነበር።

ታዲያ እናትየዋ መጻሕፍቱን ይዛ በክፍሉ በር ላይ ቆማ የፈራችው ምን ይመስላችኋል? ልጄ ሞታለች፤ ክፍሉ አሁን ይነሳል ብላ ነው። ከተነሳ ሶስና ሁለተኛ ትቀበራለች።

ወዲያው ከትምህርት ቢሮ ለቁጥጥር የመጡት ሱፐርቫይዘር አቶ ግዛቸው በአጠገቧ አልፈው ገቡ። ማንም አልተነሳም። ሠላሳ እጅ ወደ ላይ ወጣ።

«አለቃ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ። ረድኤት።»

«ተነሱ ማለት አታውቂም?»

«ሶስና መነሳት ስለማትችል ነው፣ ጋሼ።»

«የቷ ናት?»

መምህር ኦጁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አርፋለች» አሉ።

«ነፍሷን ይማር። እንግዲያው አሁን ምን አስቀመጣችሁ?»

ረድኤት አላቀረቀረችም። «የሚቀጥለው ልጅ ሲመጣ ቆመን እንዲያገኘን አንፈልግም።»

«የትምህርት ቤታችሁ ፈቃድ እድሳት እኔ ዘንድ ነው ያለው። ሥርዓት የለሽ ብዬ ነው የምጽፈው» አሉና እስክሪብቶ አወጡ።

እናትየዋ ገባች። የልጇ ወንበር ይቆምበት ከነበረው ባዶ ስፍራ አጠገብ፣ ከዴስኩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። መጻሕፍቱን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ይጻፉ ጌታዬ። እኔንም ይጨምሩኝ። የሶስና እናት፣ አልተነሳችም።»

ጻፉ። ማስጠንቀቂያውም መጣ። ክፍሉ ዛሬም አይነሳም።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? እዚህ ቤተ ክርስቲያን «እንቁም» ስንባባል ከጀርባችን ማን እንደቀረ ዞር ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባለ መኪናው ሲገባ ጉልበታችሁ ይፈጥናል። ባለ ክራንቹ ሲገባስ? «እግዜር ይማርህ» ብላችሁ ከንፈር ትመጥጣላችሁ። ጌታችን ከተገፉት ጋር ቁጭ ብሎ በላ እንጂ ከአናታቸው ላይ ቆሞ ከንፈር አልመጠጠም።

የተወሰደባችሁ ሰው ያላችሁ፣ እናንተ በተለይ ስሙኝ። ሐዘናችሁን ታቅፋችሁ ቤት ዘግታችሁ አትቀመጡ። ሟቻችሁ ቦታ አጥቶበት ወደነበረው ስፍራ ሐዘናችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ እዚያ ተቀመጡ።

ሥርዓት የላቸውም ይሏችኋል። ይበሉ። አንድ ሰው ያስቀረ ሥርዓት ራሱ ጎዶሎ ነው። ስማችሁንም ይጽፉታል። እንዳይሳሳቱ፣ ፊደል በፊደል ንገሯቸው።