ሰላምታ ያባከነው ምስክር

አንድ ምስክር ነበረ። ቆይ፣ አታቋርጠኝ ናሁሰናይ፤ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። «ጋሼ፣ ጌሙን በኮምፒውተር እያዘገዩ፣ በተሳሳቱ ቁጥር ወደ ኋላ እየተመለሱ፣ ከሰው ሁሉ ፈጥኖ የሚጨርስ ቪዲዮ መሥራት ምኑ ይከብዳል? የሚሠራው ማሽኑ አይደል እንዴ?» ነው ያልከው። የገዛ እህቴ ልጅ ባትሆን ኖሮ ከዚህ ቤት አስወጣህ ነበር። አሁን ዝም ብለህ ስማኝ።

ይህ ሰው ከወንዝ ማዶ የሚኖር ገበሬ ነው። ወንድሙ ሰው ገድለሃል ተብሎ ባልሠራው ወንጀል ተይዟል። እውነተኛውን ገዳይ በዓይኑ ያየው ደግሞ ገበሬው ብቻ ነው። ዳኛው «ፀሐይ እስክትጠልቅ ምስክር ካልቀረበ ይሰቀላል» ብሎ ፈረደ። ገበሬው ወሬውን የሰማው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። እየሮጠ ወጣ፣ እየሮጠ ደረሰ። ሲደርስ ወንድሙን ከዛፉ ላይ እያወረዱት ነበር።

መሬት ላይ ተደፍቶ ፈጣሪውን አማረረ። ፈጣሪም ራራለትና እንዲህ አለው፦ «በፈለግህ ጊዜ ተመልሰህ ይህችኑ ቀን ከፈለግህበት እርምጃ ጀምር። አንተ ያንኑ ካደረግህ ሰዉም ያንኑ ያደርጋል። አንተ አንዲት ነገር ከለወጥህ ግን ሰዉ ምን እንደሚያደርግ አልነግርህም።»

ገበሬው ልክ እንዳንተ ነው ያሰበው። «በቃ ተገላገልኩ! ከእንግዲህ ምኑ ይከብዳል?» አለ።

ተመልሶ ከደጁ ወጣ። ጎረቤቱ፣ አንድ ባለጸጋ፣ እንደ ቅድሙ በረቱ በር ላይ ቆሟል። አገርህን ታውቃለህ መቼም። «እንዴት አደርክ? እንዴት ሰነበትክ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ያ ያነከሰው በሬህ ዳነ?» ሊል አፉን እያሟሸ ነው። ይህ ባለጸጋ ሰላምታው ሳያልቅ ጉዳይ የሚባል ነገር አይሰማም። ገበሬው ታዲያ በአጥሩ ጀርባ ዞሮ፣ ሰውዬው ሳያየው አመለጠ። ጎሽ፣ ብልጥ ነው!

ድልድዩ ላይ ሲደርስ የባለጸጋው ከብቶች እየተሻገሩ ነው። ጭራ በጭራ ተያይዘው ድልድዩን ሞልተውታል። ሊያልፍ ሲል አንዱ ወይፈን ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ተመለሰ። በግራ ሞከረ፣ ረገጡት። ተመለሰ። አንድ ቀይ በሬ አንገቱን ቀና ሲያደርግ በሆዱ ስር ሾልኮ ማለፍ እንደሚቻል እስኪደርስበት ድረስ ስንቴ እንደ ተረገጠ እሱም አያውቀው።

ከዚያ ገበያ አለ። ቀኝ እግሩን ቢያስቀድም የሸክላ ሻጯ ውሻ ይነቃል፤ ግራውን ቢያስቀድም አይነቃም። ለምን? የት ያውቃል! ሞክሮ ማየት ብቻ ነው። ደግሞ ልብ በል፣ አንተና እኔ ስንሳሳት «አይ፣ አመለጠኝ» ብለን እናልፋለን። እሱ ግን መመለስ ስለሚችል ማለፍ አይችልም። ትንሿ መደናቀፍ እንኳ ሆን ብሎ የተዋት ትሆንበታለች። እንዲያ እየተመላለሰ ገበያውን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያልፍበት ደረጃ ደረሰ። የማን አህያ መቼ ጭራዋን እንደምትወዘውዝ ሳይቀር ያውቃል።

እንዲህም ሆኖ የችሎቱ በር ፊቱ ላይ ተዘጋ። ለጥቂት፣ አንዲት እስትንፋስ ለማትሞላ ጊዜ! በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ወንድሙ ተሰቅሏል። ወንድሙን ተሰቅሎ ያየው አንዴ እንዳይመስልህ፤ በተመለሰ ቁጥር ነው የሚያየው። መንገዱን ከበር እስከ በር ፈተሸው፤ የሚቀነስ እርምጃ ጠፋ። እርር ድብን አለ።

የቀረው ያ ባለጸጋ ብቻ ነበር። «እስቲ የመጣው ይምጣ» አለና ተመልሶ ፊት ለፊቱ ሄዶ ቆመ። «እንዴት አደሩ? እንዴት ሰነበቱ? እመቤቲቱስ? ከብቱስ? ዝናቡስ እንዴት ያዘዎት?» ተባባሉ፣ ተባባሉ፣ ጥላው እያየው አጠረ። ባለጸጋው ሲጠግብ ነው «ለመሆኑ ወዴት ነህ?» ያለው። ገበሬው ነገረው። ባለጸጋው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ወንዙ ተጣራ፦ «ከብቱን ያዙ! ሰው ይለፍ!»

ገበሬው ቢሮጥ ድልድዩ ባዶ ነው። በሰላምታ ካባከነው ጊዜ ከብቶቹ ይወስዱበት የነበረው ይበልጥ ነበር። ዘሎ ተሻገረ። እሰይ! ብሎ ገበያው ውስጥ ሲገባ ግን ከወትሮው ቀደም ብሎ ደርሷል። ሸክላ ሻጯ ገና አልዘረጋችም፣ ውሻው አልተኛም፣ አህዮቹ መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። ቀይ በሬ ስር መሹለኩ፣ ግራ እግር ማስቀደሙ፣ ያ ሁሉ የተማረው፣ የተረገጠበት፣ ያለቀሰበት፣ በሙሉ ገደል ገባ። ለአሁኑ ገበያ እንግዳ ነው።

ገበሬው መሀል መንገድ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ አዲሱን ገበያ ከመጀመሪያዋ እርምጃ መማር ጀመረ።

ስለ ጨዋነት እየመከርኩህ እንዳይመስልህ! ገበሬው ባለጸጋውን ሰላም ያለው ጨዋ ሆኖ አይደለም፤ ሌላውን ሁሉ ሞክሮ ስላለቀበት ነው።

በመጨረሻ ደረሰ። በሩ ሳይዘጋ ገባ፣ መሰከረ፣ የወንድሙ እጅ ተፈታ። ወንድሙም እንዴት እንደ መጣ ሲሰማ አቅፎት ምን ቢለው ጥሩ ነው? «አይ ወንድሜ፣ አንተ እኮ ዕድለኛ ነህ! ከብቱ ቆሞልህ፣ ገበያው መንገድ ለቆልህ፣ ምንም ሳትለፋ ሰተት ብለህ ገባህ!» ገበሬው ሊያንቀው ምንም አልቀረውም።

ያ ወንድም አንተ ነህ፣ ናሁሰናይ። ኮምፒውተሬ ጌሙን ያዘገይልኛል፣ ስሳሳት ይመልሰኛል፤ ለገበሬው የተሰጠው ጸጋ ይኸው ነው። መንገዱን ግን አይነግረኝም። የትኛዋን ቁልፍ በየትኛዋ ቅጽበት እንደምጫን የምፈልገው እኔ ነኝ፣ አንዷን ቅጽበት ከሌላዋ እየለየሁ። ሰኞ ዕለት አንድ የማላውቀው ሰው፣ ጌሙ መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ትንሽ መቆም በኋላ የሚመጣውን በር ቶሎ እንደሚያስከፍት አሳየኝ። ልክ ነው፤ አንጀቴ እያረረ አየሁት፣ ልክ ነው። እዚያ ላይ ከቆምኩ ግን ከዚያ ወዲህ ያሉት ጠላቶች ሁሉ አካሄዳቸውን ይለውጣሉ። የዓመት ልፋቴ ከሰኞ ጀምሮ የለም።

ገበሬው ያችን ቀን ስንቴ እንደኖራት ወንድሙ አያውቅም፤ እሱ ያየው አንዴ ነው። አንተም ያየኸው የአስር ደቂቃ ቪዲዮ ነው። በል ተነሥ፣ ወንበሬን ልቀቅልኝ፤ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው።