ክፉ ወሬ የማይሰማ አለቃ

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ቆርጤ የሚባል ክፉ ወንዝ ነበረ። በበጋ ፍየል እንኳ ትሻገረዋለች። ክረምት ሲገባ ግን በሬ ይወስዳል፣ በቅሎ ይወስዳል፣ ሰው ይወስዳል።

የአገሩ ንጉሥ የሰው ማለቅ አስጨነቀውና ድልድይ እንዲሠራ አዘዘ። የሥራው አለቃ አድርጎ የሾመው ዳምጠው የሚባል ሰው ነበር። ዳምጠው ሰነፍ አልነበረም። ድንጋይ ያውቃል፤ ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል፤ ከሁሉ በኋላ ይተኛል። አንድ ክፉ አመል ግን ነበረበት፤ ክፉ ወሬ መስማት አይችልም። «ይህ ተበላሽቷል» ብሎ የነገረውን ሰው፣ ያበላሸው እሱ ይመስል ይቀጣዋል።

«መቼ ታደርስልኛለህ?» አለው ንጉሡ።

«ለሰኔ ሚካኤል፣ ጃንሆይ።»

ቃሉን ሰጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀን መቁጠር ሥራው ሆነ። ንጉሡ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው እንደማይወድ ያውቃልና።

ሠላሳ ሠራተኞች ወደ ወንዙ ወረዱ። ከነሱ መካከል ይርዳው የሚባል ግንበኛ ነበረ። ሚስቱ ስንዱም አብራው ነበረች፤ እሷ ውሃ እየቀዳች ኖራ ታቦካለች።

አንድ ቀን አናጢው ወደ አለቃው መጣ። «ጌታዬ፣ የመወጣጫው እንጨት ነቅዟል» አለ። ዳምጠው አናጢውን ከሙያው አውጥቶ ድንጋይ ተሸካሚ አደረገው።

ሌላ ቀን ኖራ አቃጣዩ መጣ። «ጌታዬ፣ ኖራው ገና ነው፤ ሦስት ቀን ይቆይ» አለ። ዳምጠው «ሦስት ቀን ከየት ላምጣልህ?» ብሎ ከሥራው አባረረውና በቦታው ሌላ ሰው ተካ።

በሦስተኛው ይርዳው መጣ። «ጌታዬ፣ የድልድዩ የግራ እግር የቆመበት አለት ውሃ ይጠጣል። ጠለቅ አድርገን ብንቆፍር ይሻላል» አለ።

«ለንጉሡ ቃል የገባው ማን ነው? አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አለ ዳምጠው። ከዚያም ይርዳውን እዚያው አለት ላይ አቆመው። ትከሻው ላይ ድንጋይ አሸክሞ፣ ከጧት እስከ ማታ፣ ሚስቱ እያየች አቆመው። ማታ ሲወርድ የአንገቱ ቆዳ ተልጦ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው ሁሉ አንድ ቃል ተማረ። ዳምጠው ጧት ይመጣል፤ «ሥራው እንዴት ነው?» ይላል። «ደህና ነው፣ ጌታዬ» ይላሉ። ቀትር ይመጣል፤ «ደህና ነው፣ ጌታዬ» ይላሉ። ማታ ይመጣል፤ «ደህና ነው፣ ጌታዬ።» ዳምጠውም ልቡ ያርፋል። ከሠላሳው ሰው ግን ልቡ ያረፈ አንድም አልነበረም።

ግንቦት አለቀ፤ ሰኔ ገባ፤ ሰማዩ ጠቆረ። ስንዱ ሰኞ ዕለት እንስራዋን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ በግራው እግር ሥር ስንጥቅ አየች። ስንጥቁ ጥፍር ያስገባል። ረቡዕ ስትወርድ ጣት ያስገባል። ዓርብ ስትወርድ መዳፏን ሰደደችበትና ውስጡ ቀዝቃዛ ውሃ ነካት።

እንስራዋን ሳትሞላ ሮጣ ወደ ባሏ ሄደች።

«ይርዳው፣ የግራው እግር ተሰንጥቋል።»

«አውቃለሁ» አለ ይርዳው፣ ድንጋዩን መጥረቡን ሳይተው።

«ታውቃለህ? ለአለቃው አልነገርከውም?»

ይርዳው ቀና ብሎ አንገቱን አሳያት። «አንድ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ሁለተኛ አልነግረውም።»

ወደ አናጢው ሄደች። እሱም ያውቃል። ወደ ሌሎቹ ግንበኞች ሄደች። እነሱም ያውቃሉ። ወደ ባሏ ተመልሳ «እንግዲህ ምን ይሁን?» ብትል፣ ይርዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኖራ አቡኪልኝ፤ እንለስነው» አላት።

ስንዱ አቦካች። ይርዳው ለሰነው። ስንጥቁ ጠፋ፤ ነጭ ሆነ፤ አማረ። ዳምጠው መጥቶ አየና «ጎበዞች» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስንዱ ብትታጠብ ብትፈትግም፣ የኖራው ሽታ ከእጇ አልለቅ አላት።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት አገሩ ሁሉ ወንዙ ዳር ተሰበሰበ። ከላይ አገር ዘንቦ ኖሮ፣ ቆርጤ ቀይ ጭቃ መስሎ እየጮኸ ይወርዳል። ንጉሡ ከነሠራዊቱ መጣ። ከፊት ከፊቱ አርባ ልጆች ነጭ ለብሰው ይዘምራሉ። አስቀድመው የሚሻገሩት እነሱ ነበሩ።

ስንዱ ወደ ግራው እግር ተመለከተች። በነጩ ልስን ላይ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር አየች።

ይርዳውን አየችው፤ መሬት መሬት ያያል። አናጢውን አየችው፤ መሬት መሬት ያያል። ሠላሳውም ሰው መሬት መሬት ያያል።

«ድልድዩ እንዴት ነው?» አለ ንጉሡ።

«ደህና ነው፣ ጃንሆይ» አለ ዳምጠው፤ ደግሞም ከልቡ ነበር።

ልጆቹ እየዘመሩ ተጠጉ። ይህን ጊዜ ስንዱ ከሰው መሐል ወጣች። ሄዳም በድልድዩ አፍ ላይ፣ በልጆቹ ፊት ተቀመጠች።

ዳምጠው ፈጥኖ መጣ። «ተነሺ» አላት በሹክሹክታ። አልተነሣችም። «ተነሺ፣ ታዋርጂኛለሽ።» አልተነሣችም። ክንዷን ይዞ ጎተታት፤ ከድንጋዩ ላይ ግን አልተላቀቀችም።

«ተዋት» አለ ንጉሡ። «አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል?»

«ጃንሆይ፣ የግራው እግር ተሰንጥቋል» አለች ስንዱ፤ ድምፅዋ በወንዙ ጩኸት እምብዛም አይሰማም። «ኖራውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። የደበቅነው እኛ ነን።»

ንጉሡ ልጆቹን አስቆመና በገመድ ሰው አወረደ። ሰውየው ልስኑን በጩቤ ፋቀው። እጁ እስከ ክርኑ ገባ።

ንጉሡ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ «ይህን ከእናንተ ማን ያውቅ ነበር?» አለ። አንድ እጅ ወጣ። ሁለት ወጣ። በመጨረሻ ሠላሳውም እጅ ወጣ።

«አንተስ?» አለው ዳምጠውን።

«እኔ አልሰማሁም፣ ጃንሆይ። ማንም አልነገረኝም።»

«ድንጋይ ተሸካሚው ያውቃል፤ ኖራ አቡኪዋ ታውቃለች፤ የማያውቀው አለቃው ብቻ ነው» አለ ንጉሡ። «መጀመሪያ የነገረህስ አልነበረም?»

ዳምጠው የይርዳውን አንገት አየ። ንጉሡም ዓይኑን ተከትሎ የተላጠውን አንገት አየ።

ሦስት ቀን አልሞላም፣ ቆርጤ የድልድዩን የግራ እግር ነቅሎ ወሰደው። ሰው ግን አልወሰደም።

ንጉሡም ሥራውን ለይርዳው ሰጠ። «ጃንሆይ፣ እኔም እኮ ለስኜዋለሁ፤ አይገባኝም» አለ ይርዳው።

«ፍርሃት ሰውን ምን እንደሚያሠራ አይተሃል። አንተም ሰውን አስፈራርተህ እንዳታሠራ» አለው ንጉሡ። ዳምጠውን ደግሞ ሹመቱን ገፎ፣ ከድንጋይ ተሸካሚዎቹ ጋር በይርዳው ሥር አደረገው።

ይርዳውም መልአክ አልነበረም። ክፉ ወሬ ሲነግሩት ፊቱ ይቀላል፤ ከንፈሩን ይነክሳል። ቆይቶ ግን «እስቲ አሳየኝ» ይላል።

በሚቀጥለው በጋ፣ ትልቁን ድንጋይ ወደ ላይ በሚስቡበት ቀን፣ ዳምጠው የገመዱ ክር አንድ በአንድ ሲበጠስ አየ። ከድንጋዩ ሥር ስምንት ሰው ይሠራል። ለይርዳው ሊነግር ሄደ፤ ጉልበቱ ከዳውና ተመለሰ። ደግሞ ሄደ፤ ምላሱ ደረቀና ተመለሰ። አንድ ሰው አለቃ ፊት ለመቆም እንዲህ እንደሚጨነቅ እስከዚያን ቀን አያውቅም ነበር። በሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታዬ፣ ገመዱ ሊበጠስ ነው» አለ፤ ትከሻውንም ለድንጋይ አዘጋጀ።

ይርዳው ፊቱ ቀላ። ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያም «ከድንጋዩ ሥር ውጡ» ብሎ ተጣራ። ስምንቱ ሰዎች ሲወጡ ገመዱ ተበጠሰ። ድንጋዩ ባዶ መሬት ላይ ወደቀ።

«ደግ አደረግህ» አለው ይርዳው።

ዳምጠው ጥግ ሄዶ ተቀመጠና ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። እያለቀሰ ይሁን ላቡን እየጠረገ፣ ማንም ቀርቦ አልጠየቀውም።

ድልድዩም በሁለተኛው ዓመት አለቀ፤ ልጆች ተሻገሩበት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገ አለቃ ትሆናላችሁ። ክፉ ወሬ ሊነግራችሁ የመጣ ሰው ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ፣ ጥፋቱ ከጉልበቱ አይደለም፤ ከእናንተ ፊት ነው። ክፉ አለቃ ጥፋትን ያስደብቃል፤ ጥሩ አለቃ ተቆጥቶም ቢሆን ይሰማል።

የሰማሁትን አደረስኩ። ያጎደልኩት ካለ ንገሩኝ፤ አልቆጣም።