ከምንጯ በላይ ያለው ግቢ

አንድ አትክልተኛ የመጨረሻውን እሬት ከነሥሩ ነቅሎ ከአጥር ውጭ ጣለው። ግቢውን በቅርቡ የገዛው ነጋዴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አጠገቡ ቆሟል።

«ድንጋዮቹስ?» አለ ነጋዴው።

«ይነሡ ካሉ ይነሣሉ» አለ አትክልተኛው። አንለይ ይባላል፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በመከራ ነው።

ድንጋዮቹን የደረደራቸው እሱ ራሱ ነበር። የቀድሞዋ ባለቤት እመት ዘርትሁን በሕይወት ሳሉ ሁለቱ አሥራ አንድ ዓመት የለፉበት ግቢ ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ክረምቱ መጣ ሲሉት ይሄዳል። ስለዚህ እመት ዘርትሁን ውኃ የሚለምን ተክል ወደ ግቢያቸው አላስገቡም። ቁልቁለቱን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ በድንጋይ እያስከበቡ፣ የጣሪያው ውኃ በቦይ ወርዶ እዚያ እንዲሰርግ አደረጉ። በየክቡ ውስጥ እሬት፣ ከዳር ቅንጭብ፣ ለጥላ ሁለት ግራር። መሄጃው ጠጠር ነው። በጋ ገብቶ አገሩ ሁሉ ሲነጣ፣ እሬቱ ቀይ አበባውን ያወጣ ነበር። መንገደኛ ቆሞ ሳያየው አያልፍም። የሰረገው ውኃም ከግቢው ሥር ባለችው ምንጭ ይወጣል። ሠላሳ ቤት የሚጠጣው ከእሷ ነው።

ነጋዴው ግን ልጁን ሊድር ነው። «ሙሽራ ልጄን እሾህና ድንጋይ መሐል አላስቀምጥም» ብሎ ከሩቅ ከተማ ሣር በጭነት መኪና አስመጣ። ከማስተከሉ በፊት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠየቀ።

«ጋሽ አንለይ፣ አፈሩን የምታውቀው አንተ ነህ። ይኼ ሣር እዚህ ይጸድቃል?»

አንለይ ሣሩን አየው። በቀን ሁለቴ ካልጠጣ እንደማይቆይ ያውቃል። ውኃው ከየት እንደሚቀዳም ያውቃል። በዚያ አገር ግን ቅጥረኛ ሰው ባለቤቱን በገዛ መሬቱ ላይ አያርመውም፤ ነውር ነው። ሰው ሁሉ የሚለውን አለ።

«ጌታዬ እንዳሉ።»

ምንጯ ላይ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተገጠመ። ግራሮቹ ተቆረጡ፤ ድንጋዮቹ ለበሩ ግንብ ገቡ። ሣሩ ለመለመ፤ ሠርጉም አማረ። የመንደሩ ሴቶች ግን ምንጯ ዳር ጀሪካናቸውን ደርድረው እስከ ቀትር ይቀመጡ ጀመር።

«አያ አንለይ» አለችው አንድ ቀን ጎረቤቱ እንጉዳይ፣ «ለሣሩም ጀሪካን አምጣለትና እንደ ሰው ወረፋ ይያዝ እንጂ።»

«ተዪው እቴ» አለች ሌላዋ፣ «የባለጸጋ ሣር ነው፣ ከእኛ ጋር ምን ያቀማምጠዋል።»

ተሳሳቁ። እሱም ፈገግ ብሎ አለፈ። ዝም አይነቅዝም ሲባል ያደገ ሰው ነው።

በሁለተኛው በጋ ምንጯ ጭቃ ሆነች፤ ከዚያ ጭቃውም ተሰነጣጠቀ። ሣሩ በሳምንቱ ገለባ መሰለ። ነጋዴው በሩን ቆልፎ ወደ ከተማ ሄደ። ለእሱ ግቢ ነው፤ ሌላ አያጣም።

አንለይ ከአጥር ውጭ ዞሮ ከጣላቸው እሬቶች ሕይወት ያልተለያቸውን አራት አገኘ። ሜዳ በሆነው ቁልቁለት ላይ መልሶ ተከላቸው። ክረምቱ ሲመጣ ጎርፉን የሚይዘው ነገር አልነበረም፤ የላዩን አፈር ከእነእሬቱ ጠርጎ ወሰደው። ምንጯም አልተመለሰች። ሰዉ አንድ በአንድ እየለቀቀ ሄደ።

ይህን የሰማ ሁሉ ነጋዴውን ይረግማል። ይርገም። ውኃ በሌለበት አገር የቤት ውበት አገሩ ራሱ የሚያበቅለውን ማሳመር እንደሆነ አላወቀም። ያወቀውስ? ለጨዋነት ሲባል የተዋጠ እውነት የስንቱን ጉሮሮ ያደርቃል? እኛስ «እንዳሉ» ብለን ያለፍነው ስንት ነገር አለ?

ከሁሉ በኋላ የሄደችው እንጉዳይ ናት። አህያዋን ስትጭን አንለይ መጥቶ ገመዱን ያዘላት።

«ሰውዬው ጠይቆኝ ነበር» አላት።

«ምን ብሎ?»

«ሣሩ ይጸድቃል ወይ ብሎ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«እንዳሉ አልኩት።»

እንጉዳይ ገመዱን ከእጁ ወስዳ ራሷ ቋጠረችው። አህያዋን መንገድ ካስያዘች በኋላ ነው ዞር ያለችው።

«እሱ እንኳ ጠየቀህ፣ አያ አንለይ» አለችው። «እኛ ግን አልጠየቅንህም፤ ካወቀ ይነግረናል ብለን።»