የሳርማ ደሴት በጎችና አንድ እፍኝ ስንደዶ

ተረቴን በታንኳ ጭኜ መጣሁ፤ ጆሮ ያለው ወደብ ይሁነኝ።

በአንድ ሐይቅ ውስጥ፣ ከየብሱ ብዙም ሳትርቅ፣ ሳርማ የምትባል ደሴት ነበረች። ስሟ የወጣላት በሳሯ ነው። መስከረም ሲጠባ ኮረብታዋን ስንደዶ ይሸፍነው ነበር። ልጃገረዶች እየዘፈኑ ይለቅሙታል፤ የለቀሙትን ያደርቃሉ፣ በቀለም ይነክራሉ፣ መሶብ ይሰፋሉ። ከሁሉም ዘፈን የሚያምርባቸው ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ ትልቋ አንጓች፣ ትንሿ ደብሪቱ። አንጓች ስታወጣ ደብሪቱ ትቀበላለች። ሁለቱ አንድ መሶብ ጀመሩ፤ አንጓች ታችኛውን ሰፋች፣ ደብሪቱ ክዳኑን። ክዳኑ አንድ እፍኝ ስንደዶ ሲቀረው ደብሪቱ ወደ የብሱ ተዳረች። «መስከረም መጥቼ እጨርሰዋለሁ» ብላ ሄደች፤ ትዳርና ልጅ ይዘዋት ግን ሳትመለስ ቀረች።

እሷ በተዳረችበት ዓመት በጎቹ መጡ። የአገሩ ባላባት ከባሕር ማዶ ሁለት የዱር በጎች አስመጣ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ለዓይን ማረፊያ ይሁኑ አለና ያን ጊዜ ጎረምሳ በነበረው ቀዛፊ፣ በጓንጉል ታንኳ አሻግሮ ሳርማ ላይ ለቀቃቸው። ቀንዳቸው ተጠምዝዞ ጆሯቸው ስር ይደርሳል። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ያምሩ ነበር፤ ሁላችንም ወደድናቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ሁለቱ አራት ሆኑ፣ አራቱ መንጋ ሆኑ። ሲበዙ ሳሩን ጨረሱት፤ ሳሩ ሲያልቅ በረሃብ አለቁ፤ እነሱ ሲያልቁ ሳሩ አቆጠቆጠ፤ ሳሩ ሲያቆጠቁጥ የተረፉት ወለዱ፤ ሲወልዱ በዙ፤ ሲበዙ ሳሩን ጨረሱት። እንዲህ ሲሞሉና ሲጎድሉ ዘመን አለፈ። ስንደዶው ግን በለጋነቱ እየተጋጠ አንድም ቀን አገዳ ሳያወጣ ቀረ። መሶብ ሰፊዎቹም ወስፌያቸውን ሰቀሉ። ሳርማ ላይ ሳር ጠፋ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል?

አንጓች አረጁ፤ እትዬ አንጓች ተባሉ። አንድ ቀን በግንቦት፣ ዓሣ ነጋዴዎች ከየብሱ የደብሪቱን መልእክት አመጡላቸው። «እህቴ ሆይ፣ የልጅ ልጄን ጥር ላይ እድራለሁ። ዓይኔም እየደከመብኝ ነው። ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ያ መሶባችን ተከድኖ ልየው» ትላለች።

እትዬ አንጓች ጎዶሎውን ክዳን ከማጀት አወጡና አቧራውን አራገፉ። የጎደለው አንድ እፍኝ ነው። ጎረቤቶች ሳቁባቸው። «እትዬ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ምን ያደርግልዎታል?» አሏቸው። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፉና ኮረብታውን ወጡ።

«አንቺ ስንደዶ፣ እባክሽ አገዳ አውጪልኝ» አሉ።

«እንዴት ብዬ?» አለች ስንደዶ ከሥሯ። «ገና ቀና ስል በጎቹ ይግጡኛል። ይተዉኝ በያቸው።»

እትዬ አንጓች ወደ በጎቹ ሄዱ። «እናንተ በጎች፣ ሳሩን ተዉ። ሳሩ አገዳ አላወጣ፣ እኔም እፍኝ ስንደዶ አላገኘሁ።»

አውራው በግ ማኘኩን ሳያቋርጥ፣ «ደግሞ ማን ሊያስተወን?» አለ። «እኛ እዚህ የተወለድን ነን። የሚያሳድደን ነብር እንኳ የለም።»

እንግዳ ሆኖ መጥቶ ባለቤት የሆነ መልሱ ይኼው ነው! እትዬ አንጓች ተናደዱና ወደ ዳር ወረዱ። ውሃው ጠባብ ስለሆነ ከወዲህ ቢጮኹ ከወዲያ ይሰማል። ነብሩ በየብሱ ቋጥኝ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል።

«አያ ነብሮ! በጎቹን አሳድልኝ። በጎቹ ሳሩን አልተዉ፣ ሳሩ አገዳ አላወጣ፣ እኔም እፍኝ ስንደዶ አላገኘሁ።»

ነብሩ ምራቁን ዋጠ፤ ዋጥ ያደረገውን ሰምተናል። «ደስታዬ ነበር፣ እሜቴ። ግን የድመት ዘመድ ነኝ፤ እግሬን እንኳ ማራስ አልወድም። ታንኳ ያሻግረኝ።»

ታንኳዋ ከወደቡ ላይ ተገልብጣ ታንቀላፋለች። «አንቺ ታንኳ፣ ነብሩን አሻግሪልኝ። ነብሩ በጎቹን አላሳደደ፣ በጎቹ ሳሩን አልተዉ፣ ሳሩ አገዳ አላወጣ፣ እኔም እፍኝ ስንደዶ አላገኘሁ።»

«ጎኔ በስብሷል፣ እናቴ» አለች ታንኳዋ። «ነብር ይቅርና አንድ ቁራ ቢያርፍብኝ እሰጥማለሁ። ከደንገል ነው የተሠራሁት፤ ደንገል ይጠግነኝ።»

እትዬ አንጓች ወደ ረግረጉ ሄዱ። «አንተ ደንገል፣ ታንኳዋን ጠግንልኝ። ታንኳዋ ነብሩን አላሻገረች፣ ነብሩ በጎቹን አላሳደደ፣ በጎቹ ሳሩን አልተዉ፣ ሳሩ አገዳ አላወጣ፣ እኔም እፍኝ ስንደዶ አላገኘሁ።»

ደንገሉ ራሱን እየነቀነቀ፣ «እኔ ተራምጄ አልሄድ!» አለ። «ማጨድም ማሰርም የሚያውቅበት ጓንጉል ነው። እሱ ይጨደኝ።»

ጎረምሳው ጓንጉል አሁን አያ ጓንጉል ተብሏል፤ ከደጁ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ሲያይ ይውላል። ልጆቹ የሞተር ጀልባ ከገዙ ወዲህ ማጭዱን ሰቅሏል። እትዬ አንጓች ደክሟቸው ከአጠገቡ ተቀመጡ።

«አንተ ጓንጉል፣ እነዚያን በጎች ያመጣህብን አንተ ነህ። በል ደንገሉን እጨድልኝ። ደንገሉ ታንኳዋን አልጠገነ፣ ታንኳዋ ነብሩን አላሻገረች፣ ነብሩ በጎቹን አላሳደደ፣ በጎቹ ሳሩን አልተዉ፣ ሳሩ አገዳ አላወጣ፣ እኔም እፍኝ ስንደዶ አላገኘሁ።»

አያ ጓንጉል ክንዱን አየው። «አንጓችዬ፣ ይኼ ክንድ ይነሳል ብለሽ ነው? ያን ጊዜ ደንገል የማጭደው፣ እናንተ ከኮረብታው ስትዘፍኑ ነበር። የእናንተ ዘፈን ከቆመ ወዲህ ሥራ አስጠላኝ። እስቲ ዝፈኚልኝ፤ ከተነሳ እናያለን።»

«በዚህ ዕድሜዬ? ኧረ እፈር!»

«እንግዲያው ስንደዶም የለም።»

እትዬ አንጓች ግራ ቀኝ አዩ። አፋቸውን በነጠላ ሸፈን አድርገው በቀጭኑ ጀመሩ።

*ስንደዶ ለቀማ፣ ወጣን ከኮረብታ፣*

ቀጣዩ የደብሪቱ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ደብሪቱ የተቀበለችውን ቤት እሳቸው አንድም ቀን በአፋቸው ብለውት አያውቁም፤ ቢፈልጉ ጠፋባቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ያኔ ከጎናቸው አንድ የሻከረ ድምፅ ተነሳ።

*እህቴ ጠብቂኝ፣ ገና ነው ለማታ።*

አያ ጓንጉል ነበር። «ምነው ታዪኛለሽ? በየመስከረሙ ውሃው ላይ ሆኜ ስሰማው አልነበር እንዴ?» አለ። ይህን ሲል ማጭዱ ከተሰቀለበት ወርዶ እጁ ገብቷል፤ ራሱም አላወቀውም።

ከዚያማ ምን ቀረ! ዘፈኑ ጓንጉልን አስነሳ፣ ጓንጉል ደንገሉን አጨደ፣ ደንገሉ ታንኳዋን ጠገነ፣ ታንኳዋ ነብሩን አሻገረች፣ ነብሩ በጎቹን አሳደደ፣ በጎቹ ሳሩን ተዉ። ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡ ወረደ። መስከረም ሲጠባ ሳሩ አገዳ አወጣ፣ እትዬ አንጓችም እፍኛቸውን ሞሉ።

ነብሩ ከጠገበ በኋላ፣ «መልሱኝ፤ የሰው አገር አለመድኩም» አለ። አያ ጓንጉል መለሰው። ከኮረብታው ጀርባ፣ ከገደል ጥግ፣ ጥቂት በጎች ተርፈው ነበር። ሰዉ፣ «እነሱንስ?» አለ። እትዬ አንጓች ግን «ተዉአቸው» አሉ። «ቀንዳቸውን እያየን አይደል ያረጀነው? ደግሞ ይበዙ የለ? ሲበዙ እንዘፍናለን።»

ጥር መጣ። ደብሪቱ በጓንጉል ታንኳ ሙሽራዋን የልጅ ልጇን ይዛ ተሻገረች። ዓይኗ ግን አልጠበቃትም፤ የቀረላት የጥላ ያህል ነው። እትዬ አንጓች ከወደቡ ቆመው፣ አገር ቢሰማ ሳያፍሩ፣ ከፍ አድርገው አወጡ።

*ስንደዶ ለቀማ፣ ወጣን ከኮረብታ፣*

ከታንኳዋ ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ ተቀበለ።

*እህቴ ጠብቂኝ፣ ገና ነው ለማታ።*

ቤት ሲገቡ ደብሪቱ በዳሰሳ ክዳኑን አገኘችው። ጎዶሎው እንዳለ ነው። «ምነው እህቴ፣ ስንደዶ አላገኘሽም?» አለች ጎዶሎውን በጣቷ እየዳበሰች።

እትዬ አንጓች እፍኙን ስንደዶ ከነወስፌው እጇ ላይ አኖሩላት። «መስከረም መጥቼ እጨርሰዋለሁ ብለሽኝ አልነበር? የአንቺን ሥራ እኔ ልሠራልሽ ኖሯል?»

ደብሪቱ ሳቀች፣ አለቀሰችም። ሙሽራይቱን አጠገቧ አስቀምጣ ጣቷን በጣቷ እየመራች፣ ያንኑ ዘፈን እያስያዘቻት ሰፋችው። ሲያልቅ ክዳኑን አነሳችና መሶቡ ላይ ገጠመችው። ልክ ነበር። ዙሪያውን በመዳፏ ዞረችው፤ ዓይኗን ጨፍና።

«አየሁት» አለች።

ተረቴን አራገፍኩ፤ ታንኳዬን ባዶዋን መልሱልኝ።