ወገቡን ይዞ ለቅሶ የደረሰው ሰው

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ፤ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር። ደምመላሽ እንበለው። ወገቡን ያመዋል። ከመቼ ጀምሮ? እሱ ረስቶታል፤ ሚስቱ ግን አልረሳችም። ቀኑን ሙሉ "ውሃ አቀብይኝ! ትራሱን አስተካክይልኝ! ኧረ ቀስ!" ሲላት ነው የሚውለው።

ቅዳሴ አይመጣም፤ "ወገቤ ሲለቀኝ።" ዕድር አይወጣም፤ "ወገቤ ሲለቀኝ።" የልብ ጓደኛው የባልቻ ሚስት ስታርፍ እንኳ ለቅሶ አልደረሰም። ምን ብሎ? እናንተው ታውቁታላችሁ! ባልቻም ከዚያ ወዲህ ስሙን አልጠራም።

በመጨረሻ ሚስቱ ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ሲስተር መቅደላዊት መረመረችው፤ የቀድሞ ምርመራዎቹንም አየች።

"ሲስተር፣ መርፌ ውጊኝ፤ ጠንከር ያለውን!"

"ጋሼ ደምመላሽ፣ ሕመሙ እውነት ነው፤ አስመሳይ አይደሉም። ግን የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ቢንቀሳቀሱ አይሰበሩም። እስቲ ልጠይቅዎ፤ ይህ ሕመም ከሁሉ በላይ ምን ቀማዎት?"

የሰውየው ዓይን እንባ አቀረረ። "ባልቻን" አለ።

"እንግዲያው እስከ ባልቻ ቤት እንለማመዳለን። ነገ እስከ አጥሩ በር ሄደው ይመለሱ። ከዚያ ትንሽ በትንሽ እንጨምራለን።"

"እስከ አጥሩ በር? ስንት ዳገት በተሳቢ የወጣሁ ሰውዬ?"

በማግስቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወገቡ ቀለል ሲለው አጥሩን አልፎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ገበያው መሃል ደረሰ። እዚያ ወገቡ ቀጥ አድርጎ ያዘው! ፀሐይ እንዳይመታው ከራስ እስከ እግሩ ነጠላ አልብሰው በፈረስ ጋሪ መለሱት። ጎረቤት ጋሪውን ሲያይ "ወይኔ ጋሼን!" እያለ ደረቱን ይመታ ጀመር። ሚስቱ ራሷን ይዛ ወጣች። ይሄኔ ነጠላው ተገለጠ። "ኧረ ገና ነኝ! ውሃ አቀብሉኝ!"

ሲስተር አልተቆጣችም። "ምን ተማሩ?" አለችው።

"ከጋሪው አጥሩ እንደሚሻል።"

እንደገና ከአጥሩ ጀመሩ። የባሰበት ቀን አሳጠረ እንጂ አልተወም። ከአጥሩ እስከ ጎረቤት፣ ከጎረቤት እስከ ወፍጮ ቤት፣ እያረፈ፣ እያጉረመረመ፣ አንድ ቀን ባልቻ ደጅ ደረሰ።

ባልቻ በሩ ላይ ቆሞ አየው። "ወገብህ ለቀቀህ?"

"አልለቀቀኝም፤ ይዤው መጣሁ። ባልቻ፣ በቀኑ አልደረስኩልህም። ይቅር በለኝ።"

ባልቻ ከበሩ ፈቀቅ አለለት። "በል ግባ" አለ። "ወገብህን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጠው፤ አንተ እኔ አጠገብ ትቀመጣለህ።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ለሟቿ አብረው አለቀሱ።

ወገኖቼ፣ ያ ወገብ ዛሬም ያማል። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ እንለምነዋለን። ግን እስኪፈውሰን ድረስ "ተኝታችሁ ጠብቁኝ" ብሎናል እንዴ?

እናንተስ "ሲለቀኝ" የምትሉት ምንድን ነው? "ኑሮ ሲረጋጋልኝ ከእህቴ እታረቃለሁ።" "ንዴቴ ሲበርድ እናቴን እጠይቃለሁ።" ካልበረደስ? እናታችሁስ እስከዚያ ትቆያለች?

ሁሉን ዛሬ ጨርሱ አላልኳችሁም። ስትወጡ ስልክ ደውሉ፤ "እንደምን ዋልሽ" በሉ። ድምፃችሁ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ይንቀጠቀጥ! እንደተንቀጠቀጠ ደውሉ።