የባለጋሪው ዋስ

ሁለት ደቂቃ ስጡኝ፤ የማወራላችሁ ነገር ብድር ፍለጋ ደጅ ስትጠኑ ከምታጠፉት ግማሽ ቀን ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

አንድ ባለጋሪ ፈረሱ ሞተበትና ሌላ የሚገዛበት ብር ለመጠየቅ ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበሩ ሄደ። ፈረስ ከሌለ ለልጆቹ ዳቦ የለም። ሊቀመንበሩ አቶ ሽብሩ ግን ወረፋ የያዘው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አንተ የባለፈውን ብድር አዘግይተሃል። ስምህ ተበላሽቷል» አለው።

«ዘገየሁ እንጂ ከነቅጣቱ ከፍያለሁ፣ ጌታዬ። ስሜን በምን ላድሰው?»

«ተበድረህ በጊዜው በመክፈል።»

«እንግዲያው ያበድሩኛ።»

«ስሙ ለተበላሸ አናበድርም።»

ልብ በሉ፤ ሰውየው በሩን ቆልፎ ግባ እያለ ነው። ሰዉ ሲስቅለት ጊዜ ደስ አለውና ጨመረበት፤ «ወይ ዋስ አምጣ። ዋስ ማለት ዘመድህ አይደለም፤ ስትከፍል በዓይኑ ያየ፣ የተከበረ፣ እዚሁ ሰው ፊት የሚመሰክርልህ ነው። ከሌለህ ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይህ።»

ባለጋሪው ባርኔጣውን አወለቀ። «አለኝ እንጂ፣ ጌታዬ፤ እርስዎ። ብሩን ቆጥረው የተቀበሉኝ እርስዎ አይደሉ? ከፍሏል ካሉ ዋስ አገኘሁ። አልከፈለም ካሉ ደግሞ ገንዘቡ የት እንደገባ ለእነዚህ አባላት ይንገሯቸው።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ሊቀመንበሩን ያይ ጀመር። አቶ ሽብሩም እስክሪብቶውን አነሳና የብድሩን ወረቀት ፈረመለት።

እናንተም ዘግይታችሁ ከከፈላችሁ፣ የተቀበላችሁን ሰው ዋስ ጥሩት። መክፈላችሁን ብቻ እርግጠኛ ሁኑና ነገውኑ ሂዱ።