የሽመላዎቹ ጎጆና የአያ ጅቦ ቁጠባ

አንድ ጊዜ፣ ወንዝ አገሩን ለሁለት ሰንጥቆ ጥልቅ ገደል ባወጣበት ሥፍራ፣ አያ አንበሶ የአየር መንገድ አቋቋመ። አብራሪዎቹም በራሪዎቹም አሥራ ሁለት ሽመላዎች ነበሩ። ከቀርከሃ የተሠራ ትልቅ ቅርጫት በገመድ አንጠልጥለው ተሳፋሪውን ከወዲህ ማዶ ወደዚያ ማዶ ያሻግሩታል። በእግር ቀናት ይፈጅ የነበረው መንገድ የበሉት ቁርስ ሳይፈጭ ያልቅ ጀመር። ዕድሜዋን በሙሉ ስትሸከም የኖረችው አህያ እንኳ «ዛሬስ እኔን ተሸከሙኝ» እያለች ሰፈሩን አስቀናችው።

ሽመላዎቹ የማይሽሩት አንድ ልማድ ነበራቸው። እንቁላል በሚታቀፉበት ወቅት ባልና ሚስት ተራ ይገባሉ፤ አንዱ ሲበር ሌላው ጎጆ ይውላል። በዚያ ወቅት የሚበሩት ስድስት ብቻ ስለሆኑ ሰልፉ ይረዝማል፣ ተሳፋሪውም ያጉረመርማል። የዚያን ዓመት ደግሞ ቀለባቸው የሆነው ዓሣ ተወደደ። ይባስ ብሎ ጆፌ አሞሮች ሌላ ቅርጫት ይዘው መጡና በግማሽ ዋጋ እናሻግራለን አሉ።

አያ አንበሶ እንቅልፍ አጣ። ወጪ ቀንሶ ድርጅቱን የሚታደግ ሥራ አስኪያጅ ሲፈልግ ሰነበተና ማንን ሾመ ብትሉ፣ አያ ጅቦን። እኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አያ ጅቦ በበኩሉ ቀበሮን አማካሪው አደረጋት። ቀበሮ አንድ ቀን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ ድርጅቱን የሚያከስረው ጎጆው ነው፣ ስድስት ሽመላ ተቀምጦ ዓሣ ይበላል አለችው። ጅብ ይህን እንደሰማ ከነገ ጀምሮ አሥራ ሁለቱም እንዲበሩ አዘዘ።

የሽመላዎቹ አለቃ እትዬ ሽመላ ትእዛዙን ስትሰማ ክው አለች። የዚያን ዓመት እሷም ሦስት እንቁላል ታቅፋ ነበር። በቀጥታ ወደ አያ አንበሶ ሸንጎ ሄደች።

«ጌታዬ፣ እኛ እያረጀን ነው» አለችው። «ከጥቂት ዓመት በኋላ ይህን ቅርጫት የሚያነሱት ዛሬ እንቁላል ውስጥ ያሉት ናቸው። እኛ ስንበር ውለን እነሱን ማን ይታቀፍልን?»

አንበሳ መልስ ፍለጋ ወደ ጅቡ ዞረ።

«እኔ እጠብቃቸዋለሁ» አለ ጅብ ምራቁን ዋጥ አድርጎ። «ለዚህ ሥራ ደሞዝ እንኳ አልጠይቅም።»

ጅብ እንቁላል ሊጠብቅ፣ ያውም በነፃ። ከተሰበሰበው እንስሳ ውስጥ ኧረ ተዉ፣ ይህ ነገር አያምርም ያለ አንድም አልተገኘም። ሁሉም የሚታየው አጭር ሰልፍ ብቻ ነበር። አንበሳም እሺ አለ።

ድርጅቱ ወዲያው አማረበት። ሽመላዎቹ ከንጋት እስከ ምሽት ተመላለሱ፤ ጆፌ አሞሮች ፉክክሩ ከበዳቸውና ቅርጫታቸውን ይዘው ሌላ አገር ሄዱ። ቀበሮ ለሃያ ቦታ ሠላሳ ተሳፋሪ እየመዘገበች አህያን ከነጨው ጭነቷ ሁለት ቀን ገደል አፋፍ ላይ አቆመቻት። እትዬ ሽመላ ግን ሥራ ጨርሳ ጎጆዋ ስትገባ እንቁላሎቿ እየቀዘቀዙ አስቸገሯት። ጅቡን ብትጠይቀው የገደሉ ነፋስ ነው፣ ነገ ሣር ጨምሬ አለብሳቸዋለሁ አላት። አመነችው። ክንፏ ዝሎ፣ ዓይኗ እየተከደነ፣ ሌላ ነገር ልታስብ አቅም አልነበራትም።

ጫጩት የሚፈለፈልበት ቀን ደረሰ፤ አለፈም። ሌላ ሳምንት ተጨመረ። ከስድስቱ ጎጆዎች ከአንዱም የጫጩት ድምፅ አልተሰማም።

በዚያው ሰሞን አያ አንበሶ ትልቅ ስብሰባ ጠራ። ጅብ ሆዱን ወደፊት ገፍቶ ሪፖርቱን አቀረበ። በረራው በእጥፍ አድጓል፣ የዓሣው ወጪ ቀንሷል፣ ተወዳዳሪም የለም። እንስሳቱ አጨበጨቡ፤ አንበሳም በደስታ ጎፈሩን ነሰነሰና መጪው ጊዜስ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ጅብ ቀበሮ ያስጠናችውን አልረሳም፤ በጣም ብሩህ ነው አለ።

እትዬ ሽመላ የመጣችው ይህን ጊዜ ነው። ከሦስቱ እንቁላሎቿ አንዱን በምንቃሯ ይዛለች። ማንንም እጅ ሳትነሳ መሐል ገባችና ከአንበሳው ፊት ያለው አለት ላይ ለቀቀችው። አህያ እንዳታይ ዓይኗን ጨፈነች።

እንቁላሉ አልተሰበረም። ቋ ብሎ ነጠረና ተንከባለለ። ነጭ የወንዝ ድንጋይ ነበር።



«አርባ ሌሊት ድንጋይ አቅፌ አደርኩ» አለች እትዬ ሽመላ። አላለቀሰችም፤ አለማልቀሷ ከሁሉም በላይ ያስፈራ ነበር።

«እንቁላሎቹስ?» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ቀስ እያለች ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረች። ጅብ ግን ምን እንዳጠፋ ጨርሶ አልገባውም።

«በላኋቸዋ» አለ። «ወጪ ቀንስ አላሉኝም? ቀነስኩ። ተፈልፍለው ቢሆን ስንት ዓሣ ይጨርሱ ነበር። ድንጋዩን የተካችው ቀበሮ ናት፤ ሽመላዎቹ እንዳያዝኑ ብላ ነው።»

አንበሳ ዘሎ በአንድ ጥፊ ጅቡን ገደል ከተተው። ቀበሮ እግሬ አውጪኝ አለች። ከዚያ አያ አንበሶ ወደ እትዬ ሽመላ ተጠግቶ ዓሣውን ሦስት እጥፍ አደርግላችኋለሁ፣ ተራችሁንም እመልሳለሁ እያለ ይለምናት ጀመር።

«ጌታዬ፣ ጅብስ ጅብ ነው፤ ከመብላት ሌላ ምን ያውቃል?» አለችው። «ልጆቻችንን ለጅብ የሰጡት እርስዎ ነዎት።»

ሽመላዎቹ ተሳፋሪው ምን በደለ ብለው ማዶ የቀረውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ወደየቤቱ መለሱ። ቀጥለውም ገመዱን ፈትተው፣ ቅርጫቱን አፋፉ ላይ አስቀምጠው፣ አሥራ ሁለቱም ወደ ሐይቆቹ አገር በረሩ። አያ አንበሶ ከባዶው ቅርጫት አጠገብ ቆሞ፣ ከዓይኑ እስኪሰወሩ ድረስ አንጋጦ አያቸው፤ አንዳቸውም ዞረው አላዩትም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለዛሬ ትርፍ ሲል የነገ ሠራተኞቹን ለሆዳም አደራ የሰጠ ጌታ፣ ከበላው ይልቅ እሱ ራሱ ተጠያቂ መሆኑን ነው።